መጥፎ የሸተተኝ ጭኮ

ከጊንጪ የወጣሁ ሌሊት ዝናብ ነበር። ልጄ ጫልቱ እንዳትነቃ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። እናቴ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ። ከአምቦ የሚመጣው መኪና ሲቆም ሻንጣዬን አቀበለችኝ። ያኔ ጫልቱ ገና አራት ዓመቷ ነበር።

የቤት ሠራተኛ ሆኜ የገባሁባት ቤይሩት ብርዷ እንደኛ አገር ብርድ አይደለም፤ ከባሕሩ እርጥበት የተነሳ ልብስ እንኳ አይደርቅም። ሰውም ሰላምታ አያውቅም። እኛ «አከም ጅርታ» ብለን ከልጅ እስከ ከብት ጠይቀን ነው ወደ ጉዳይ የምንገባው፤ አሠሪዬ ማዳም ግን ጠዋት ገና ስታየኝ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ቁርሱስ?» ነው የምትለኝ።

ኮሮና ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ አፍንጫዬ ምንም አልለይ አለኝ። እንዳልባረር ደበቅኩ። የጋዙን መዝጊያ ደጋግሜ እነካለሁ፣ የማዳምን ሕፃን ወተት ቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ብቻ ስፈራ ነው የምውለው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሩዙ አረረ። ጭሱ ሳሎን እስኪገባ አላወቅኩም።

«አፍንጫ የለሽም?» አለች ማዳም።

«አለኝ፤ አይሠራም እንጂ።»

«እኔ የማይሠራ ነገር ቤቴ አላስቀምጥም። ሐኪም ይይሽ፤ ካልዳንሽ ወደ ቢሮ እመልስሻለሁ።» ቢሮ የምትለው እኔን ያስመጣውን ደላላ ነው።

ሐኪሙ መርፌም ኪኒንም አላዘዙልኝም። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጽጌረዳና የባሕር ዛፍ ዘይት ጠዋትና ማታ አሽቺ፤ ስታሸቺም የዱሮ ሽታውን አስቢ፤ ወራት ይፈጃል፣ አትሰልቺ አሉኝ።

«ዶክተር፣ ባሕር ዛፍ እኮ እኛ አገር ማገዶ ነው» አልኳቸው።

«እዚህ ፋርማሲ ይሸጣል» አሉ።

ወጥ ቤት ጥግ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ። የማዳም እናት የምጸልይ እየመሰላቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል። ወራት ሄደ፤ ምንም የለም።

ከአገር በተመለሰች የጊንጪ ልጅ እጅ እናቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ላከችልኝ። ክዳኑን ስከፍት ሸተተኝ፤ ግን ሽታው የተቃጠለ ጎማ ነው። መልሼ ከደንኩትና በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። አፍንጫዬ ጨርሶ ተበላሸ ብዬ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ።

«ይሄማ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ማሽተት ሲመለስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንዲህ ተዛብቶ ነው የሚመጣው። ጭኮውንም ከአራቱ ጋር ጨምሪው።» ማዳምም ይህን ስትሰማ እስከ ፋሲካ ልትታገሠኝ ተስማማች።

እሁድ እናቴ ደወለች።

«ጭኮው ጣመሽ?»

«አልበላሁትም እማዬ፤ እያሸተትኩት ነው።»

«ቅቤው እኮ አዲስ ነው፤ እኔው ነኝ ያነጠርኩት» አለች፤ ቅር ብሏታል።

መጥፎ መሽተቱ የመዳን ምልክት መሆኑን አስረዳኋት።

«እንዲያ ከሆነ ሌላ ልጨምርልሽ?» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ጫልቱ አጠገቧ ሆና ስትሰማ ኖሯል፤ ስልኩን ተቀበለቻት።

«እማዬ፣ ስትመጪ እኔም እንደዚያ እሸትሻለሁ?»

«አይ የኔ ልጅ፣ እስከዚያ ይሻለኛል» አልኳት።

እስከዚያ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።