የአስረስ ምላስ

አስረስ ሃያ ዓመት ያህል እንጀራውን የበላው በምላሱ ነው። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ሲቀጠር ጠርሙስ አጣቢ ነበር። አንድ ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ ለቀልድ ያህል ቢራ አስቀምሶት «ምን ምን ይላል?» ቢለው፣ «እርጥብ ካርቶን» አለ። ኃላፊው ሳቁን ዋጠ፤ ያ ቢራ በእርግጥም ተበላሽቶ ነበር። በሳምንቱ አስረስን ከቀማሾቹ ጋር አስቀመጡት። በ2010 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ሰሞን፣ ጡረታ ወጣና ከሚስቱ ከስህን ጋር ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሐይቅ ተመለሰ።

የሠራ ምላስ ሥራ መፍታት አይሆንለትም። መጀመሪያ የስህንን ጠላ ብቻ ይመዝን ነበር። ወሬው ሲዛመት የጎረቤት ሴቶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጆግ እየያዙ ይመጡ ጀመር። በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ በብርጭቆ ይቀዳል፤ ወደ ብርሃን ያነሳል፤ ያሸታል፤ ይጎነጫል፤ አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል። ጉሹን ከጉሽ፣ የተጣራውን ከተጣራ፣ ቅራሪውንም ከቅራሪ ጋር ነው የሚያወዳድረው። ከዚያ ከአስር ቁጥር ይሰጣል። «ሰባት።» «አምስት።» ሌላ ቃል የለም። ጎረቤቱ ሐቢባ እንኳ ለልጇ ኒካህ ያዘጋጀችውን ቀሪቦ፣ ያንን የማያሰክር የገብስ መጠጥ፣ ይዛ መጥታ ነበር።

«ጋሽ አስረስ፣ ይቺን ቅመሱልኝማ። ወላሂ ስኳሩ የበዛብኝ መስሎኛል።»

«ስምንት» አላት። ሐቢባ እየፈነደቀች ሄደች።

እናትነሽ ግን አምጥታ አታውቅም። ባሏ የሞተባት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጠላ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ጠላዋን በ2012 ሌላ ሰው ነው ይዞ የመጣው። አስረስ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ሰው በተሰበሰበበት «ሦስት። ጭስ ብቻ ነው» አለ።

ነገሩ በአንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ። ሹፌሩም መምህሩም ቤቷን ሸሸ፤ የቤቷም ስም «ሦስት ከአስር» ሆኖ ቀረ። እናትነሽ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች።

«የሰው ጉሮሮ ነው እኮ የዘጋኸው» አለችው ስህን።

«የጠየቁኝን ነው የመለስኩት» አለ። እውነትም ያን ያህል አላስጨነቀውም።

በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። ከተማው ወደ ደሴ ሲጎርፍ ስህን ክረምት ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ ነበርና መራመድ አትችልም፤ መኪናም አልተገኘም። ቀሩ። ታጣቂዎች ገቡ፤ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ወፍጮ ቆመ። ባልና ሚስቱ ቆሎ እየቆረጠሙ የሐይቁን ውሃ ይጠጡ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አስረስን ተቅማጥ ጣለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትነሽ በጓሮ አጥር በኩል ጆግ ይዛ ገባች። እሷም «ጋኖቼን ለማን ጥዬ» ብላ ቀርታ ኖሯል። በጎቿን ታጣቂዎች አርደው በልተውባታል፤ አመድ ውስጥ የቀበረችውን ብቅል ግን አላገኙትም። በእጇ ፈጭታ ጠምቃለች።

«እንደምን ከረማችሁ። ታመዋል ሲሉ ሰማሁ። እንኩ» አለች።

አስረስ በጣሳ ጠጣ። ቀጭን ነው፤ ጌሾው አንሷል፤ ጭሱ እንደ ድሮው ነው። ሆዱ ግን ተቀበለው። ደገመ።

እናትነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ታየው ነበር። «ስንት?» አለችው።

ስህን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስረስ ጣሳውን አስቀመጠ። አስር ቢላት ምጽዋት መሆኑን ታውቃለች። ዝም ቢል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

«አራት» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ስህን ከመኝታዋ።

እናትነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በሁለት ዓመቴ አንድ ጨመሩልኝ» አለች። ከዚያ ጆጉን አስጠግታለት፣ «ይጠጡት። የፈጀዎት ያ ውሃ ነው» አለችና በመጣችበት ወጣች። ታጣቂዎቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማውን እስኪለቁ ድረስ በየሦስት ቀኑ ተመላለሰች።

መንገዱ ሲከፈት አስረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ሄደ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ ጭስ እያጠነች አገኛት። አጥና ጨርሳ እንደገና ወይራውን ለኮሰች።

«ለምን ሁለቴ?» አላት።

«ደንበኞቼ ከአምባሰል የሚወርዱ ገበሬዎች ናቸው፤ በቤታቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አንዴ ብቻ ባጥነው ‹ውሃ ሸጥሽልን› ይሉኛል።»

መደቡ ላይ ከአምባሰል የወረደ ዝናው የሚባል ገበሬ ተቀምጧል። ጣሳውን ጨልጦ አፉን ጠረገና «አሁን ገና ቤቴ ገባሁ» አለ። እናትነሽ ለአስረስም ዝናው ከጠጣበት ጋን ቀድታ ሰጠችው። ለእሱ ያው ጭስ ነበር። እሱ «ጉድለት» ብሎ የቆጠረውን ነገር ግን ሰውየው ፈልጎት ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቷል።

«ሦስት ያልኩሽ በፋብሪካ ሚዛን ነው» አላት።

«ፋብሪካ መቼ ጠጥቶልኝ ያውቃል?» አለች እናትነሽ፣ ቀና ሳትል።

በቀጣዩ እሑድ በረንዳው ላይ፣ ሴቶቹ ፊት፣ በእናትነሽ ጠላ ላይ የፈረደው ፍርድ ስህተት እንደነበረ ተናገረ። ቁጥር መስጠቱንም ተወ፤ ጌሾው አነሰ፣ እንኩሮው አረረ ብቻ ይላል። ሴቶቹ አልወደዱለትም፤ «ቁጥሩን ይንገሩን!» ብለው ብለው ግማሾቹ መምጣት ተዉ።

ለእናትነሽም ያ ንግግር ብዙ አልጠቀማት። የከተማው ደንበኛ ተመልሶ አልመጣም። በ2015 ደንበኞቿ ወደሚቀርቡበት ወደ ውጫሌ ሄዳ ገበያው አጠገብ ቤት ተከራየች። ጋኖቹን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አስረስ ገለባ እየጎዘጎዘ አብሮ አሰረ፤ እንዲያም ሆኖ አንዱ መንገድ ላይ ተሰነጠቀ። አሁን አስረስ በገበያ ቀን አንዳንዴ በሚኒባስ ውጫሌ ይሄዳል። ገበሬዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ አንድ ጣሳ ይጠጣል፤ ሁለተኛውን ግን አይደግምም።