ያልተሳመው ጉልበት

ብልባላ ላይ ሰው ሲጣላ ከፍርድ ቤት በፊት መምህርት አሰለች ቤት ይሄዳል። ሳይታረቅ የቀረ ጎረቤት ቢኖር እሷ ያልሰማችው ብቻ ነው። ልጅ ከአባቱ ሲቀያየም ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፦ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል፣ ይመረቃል፣ አለቀ።

ላሊበላ ለስልጠና ስትጠራም ይኸው ጠባይዋ አብሯት ሄደ። ስልጠናው ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው፤ በደል የደረሰበትን ልጅ እንዴት እንቀበል የሚል። አሰልጣኟ ፈትሂያ የተገረፈች ልጅ፣ አንድ ሰልጣኝ አባቷ፣ አሰለች ደግሞ ልጅቷን የምትቀበል መምህርት ሆነው ተጫወቱ። አሰለች ወንበሩ ሳይሞቅ የ«አባትየውን» ጉልበት አስሳመቻት!

«ውይ እትዬ አሰለች!» አለች ፈትሂያ እንደተንበረከከች። «የተገረፍኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ! አሁን ወዴት ሊልኩኝ ነው?»

«ወደ ቤትሽ ነዋ።»

«ወደ አርጩሜው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሰለችም ሳቀች፤ ምሳ ላይ ግን የፈትሂያን ጥያቄ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ብልባላ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን፣ ተማሪዎቿ ወጥተው ሲያልቁ ትዝታ የምትባል ልጅ ከወንበሯ አልነሳ አለች። አንገቷ ሥር ሰንበር ይታያል። አሰለች «ማነው?» ብላ ልትጮህ ቃጣትና ተወችው፤ አጠገቧ ተቀመጠች። ለእሷ ዝም ማለት ዳገት መውጣት ነው። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ፣ «አጎቴ ነው። ቤት አልሄድም» አለች።

አሰለች ለወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ደወለች። ባለሙያዋ ሳትደርስ አጎትየው ደባሱ፣ ልጅቷ ብትቀርበት፣ ሽማግሌ ይዞ ትምህርት ቤት ከች አለ።

«መምህርት፣ አንቺ እያለሽ!» አሉ ሽማግሌው። «ጉልበቱን ትሳም፣ እንመርቃት፣ ትሂድ።»

ትዝታ ጎንበስ ማለት ጀምራ ነበር። አሰለች ቀስ ብላ ቀና አደረገቻት።

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ። ይቺ ልጅ ያጠፋችው የለም። ዛሬ አላስታርቅም።»

«አንቺ? አስታራቂዋ?»

«እኔው!»

ደባሱ በሩ ላይ ፎከረ፣ ዛተ። ትዝታ የአሰለችን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

«እትዬ፣ ካልታረቅሁ የት ነው የማድረው?»

«እኔ ጋ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የማይጸና ተስፋ ለልጅ አይሰጥም።

«ገና አላወቅሁም የኔ ዓለም። እስኪታወቅ ግን ካንቺ አልለይም።»

ባለሙያዋ ከፖሊስ ጋር ደረሰች። ሲጠያየቁ ኩልመስክ ከተማ የምትኖር የትዝታ አክስት ተገኘች፤ ስልኩ ላይ «አሁኑኑ አምጡልኝ!» እያለች ታለቅሳለች። ወደ አክስቷ የሚወስዳቸው የወረዳው መኪና ገና ከብልባላ ሳይርቅ ትዝታን የአሰለች ጭን ላይ እንቅልፍ ጣላት። የአሰለች እግር ደነዘዘ፣ ጉንዳን የወረረው መሰላት፤ ኩልመስክ እስኪደርሱ ግን ንቅንቅ አላደረገችውም።