ሶሎ ላይ መልስ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነኝ

የጃዝ ቃላትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ስዊንግ ማለት ምቱ እኩል ሳይረግጥ፣ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር እያለ ሲወዛወዝ ነው። ብሉ ኖት ሆን ተብሎ ትንሽ ዝቅ የሚደረግ፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ነው። ኢምፕሮቫይዜሽን ደግሞ ያልተጻፈውን እዚያው እየፈጠሩ መጫወት። ፈተና ቢሆን አንዱንም አልስትም ነበር። የሙዚቃ ቲቸራችን ግን የሚፈልገው በኪቦርድ እንድጫወታቸው ነው።

የትምህርት ቤታችን ባንድ ለዓመቱ መዝጊያ አንድ የጃዝ ሙዚቃ ያጠና ነበር። መሀሉ ላይ ስምንት ባር የሚረዝም ሶሎ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ቦታ አለው። ያንን ሶሎ ከምንም በላይ ፈለግኩት።

ችግሩ ያደግኩት ዙምባራ የሚባለውን የቅል መለከት ከሚነፉ ሰዎች መሀል መሆኑ ነው። የአጎቴ ዙምባራ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ሌሎቹም በየተራቸው የየራሳቸውን ሲነፉ ነው። ስለ ሶሎው ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሌሎቹ ምን አጠፉ? የሁሉንም ድርሻ ብቻሽን ልትወስጂ ነው?»

በልምምዱ ቀን ተራዬ ደረሰ። አንድ ኖት ነካሁ። ደስ የሚል ነበር። ከዚያ ጠበቅኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ቲቸር።

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«የሚመልስልኝን።»

ድራም መቺው በሳቅ ዱላውን ጣለ።

«ሶሎ እኮ ነው። ማንም አይመጣልሽም።»

እንደገና ጀመርን። እጄ ግን እሺ አላለም፤ ነካሁ፣ ቆምኩ። ሳክስፎን የሚነፋው የክፍሌ ልጅ ያዘነልኝ መሰለኝ፣ ገብቶ መለሰልኝ። እኔም መለስኩለት። ባንዱ ነቃ፣ ስምንቱ ባር እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ቻልኩ ብዬ ዞር ስል ቲቸር የሚያየው እሱን ነው።

«ይኼ ነው ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት። ሶሎውን አንተ ውሰደው።»

«ቲቸር፣ የጀመርኩት እኮ እኔ ነኝ። ጥሪና ምላሽም የጃዝ ነው ብለውን አልነበር?»

«ነው። ሶሎ ግን ሶሎ ነው። አንቺ ከስር ኮርድ እየያዝሽ አጅቢው።»

ስንወጣ ልጁ ተከተለኝ። «በናትሽ አትቀየሚኝ። ዝም ስትይ ጨንቆኝ ነው።»

ይኼ ይበልጥ አናደደኝ። ጠፍቶኝ መስሎታል፤ እኔ ግን ለመልስ ቦታ ለቅቄ ነው።

የመዝጊያው ቀን ሶሎውን ተጫወተ። ጎበዝ ነው፣ የሚያበግነኝም ይኼው ነው። እኔ ከስር ኮርዴን ይዤ ጥርሴን ነከስኩ። ለትንፋሽ ቆም ሲል ግን ጣቴ ቀድሞኝ መለሰ። ቲቸር ከመድረኩ ጥግ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ልጁ ጥቂት ነፋና እንደገና ቆመ። ይኼኛው ለትንፋሽ አልነበረም፤ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።