የመጋዘኑ ምሳ ሰዓት

መስቱራ በጣቶቿ መሃል ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዛለች። ነጭ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማው፣ ነጭ አረንጓዴውን ከሰማያዊው እያስጠጋች ትደረድርና ጫፋቸውን በመቀስ እኩል ታደርጋለች። ከዚያ ትንሿ ፕላስቲክ ውስጥ ትከታቸውና በመንከሻው ቀጭ። መቱ ውስጥ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት በዚህ ገመድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዘረጋችውም እሷ ናት። የሽቦዎቹን ተራ በእንቅልፍ ልቧ ብትጠየቅ ትጠራዋለች።

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሃል ነው፤ በ2015 ጥቅምት። አራት መስመር ነበር። በኔትወርክ ሙያ መደብ ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የሙያ ፈተና ያለፈበትን ሰርተፍኬት እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላቀረበ መደቡን ይለቃል ይላል። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው፤ ሽቦዎቹን እንደገና አነሳች። አላለቀሰችም። እግር ሲደነዝዝ የረገጠው መሬት እንደማይሰማው፣ እሷም እንደዚያ ሆነች።

ቤት ስትገባ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው እናቷ ዘህራ አየቻት።

«ምነው ፊትሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ፊት የለም።»

በማግስቱ አዲስ አበባ ላሉ ሁለት ማሠልጠኛዎች ደወለች። የአንደኛው ክፍያ፣ ቤት ኪራዩና ምግቡ ሳይታሰብ፣ የዓመት ደሞዟ ነበር። ሁለተኛውም ከዚያ ብዙም አይሻልም። ጅማ ያለው ረከስ ይላል፤ የሚያስተምረው ግን በሥራ ቀን ነው። ስልኩን በዘጋች ቁጥር «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው ይመስላታል።

በነፃ የሚገኝ ትምህርት ከኢንተርኔት በስልኳ ጫነች። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ «አሁን ራውተሩን አብራና ሞክር» ይላል። ራውተር ማለት መናኸሪያ ላይ እንደሚቆም ተራ አስከባሪ ነው፤ ይሄ ወደ ቡሬ፣ ያ ወደ በደሌ እያለ መልእክቱን በየመንገዱ የሚያሳፍር ሳጥን። የመሥሪያ ቤቱን ራውተር ለልምምድ ብትነካው፣ አንዴ ብትሳሳት የሁሉም ሥራ ይቆማል። ያለ ዕቃ የሚለማመዱበት ፕሮግራም አለ አሏት፤ አሮጌ ላፕቶፗ ሊሸከመው አልቻለም።

በንብረት ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ግን አርጅተው ከአገልግሎት ውጪ የተባሉ፣ ሲበሩ ግን የሚሠሩ ሦስት ራውተሮች እንዳሉ ታውቃለች። ሄዳ ንብረት ጠባቂውን ጋሼ ኩመራን ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አንዱን እስከ ሰኔ ያውሱኝ።»

«ሂን ታኡ። አይሆንም። የወጪ ሞዴል ሳይቆረጥ ከዚህ በር ምስማር አይወጣም። ለሞተ ዕቃ ደግሞ ሞዴል አይቆረጥም።»

«ከሞተ ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሬሳም ባለቤት አለው፣ ልጄ።»

ዞራ መሄድ ስትጀምር ጀርባዋን አየው።

«ቆይ እስቲ» አላት። «ዕቃ አይወጣም አልኩ እንጂ ሰው አይገባም አልኩ?»

ደንቡ ማንንም ከንብረት ጋር ለብቻው መተው አይፈቅድም። ስለዚህ ጋሼ ኩመራ በየቀኑ ምሳ ሰዓቱን እዚያው ይቀመጣል። እሷ በተሰበሩ ወንበሮች መሃል ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፤ እሱ በሩ አጠገብ ከቤት ያመጣውን ቅቅል ጎደሬ ይልጣል። ግማሹ የእሷ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፍለጋ ነበሩ። ላፕቶፕን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያ ላይ ያለ የደረሰኝ እስር ዓይኗ ገባ፤ የታሰረው በዚያ ገመድ ነው።

«ጋሼ፣ የምፈልገው እኮ ይሄን ነው።»

«እንዲያው ገመድ መስሎኝ ነዋ። ጥሩ ያስራል።»

«ይፍቱልኛ።»

«የ2006 ደረሰኞች በምን ይታሰሩ? ነገ ቃጫ አመጣለሁ።»

በማግስቱ ቃጫ አመጣ፤ ደረሰኞቹን በቃጫው አሰረ፤ ሰማያዊው የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። በረመዳን፣ እሷ ስትጾም፣ ጋሼ ኩመራ ጎደሬውን ሳይፈታ ይዞት ይመለስ ነበር። ስትሳሳት ከላፕቶፑ ሳይሆን ከፊቷ ያውቃል።

«ዛሬም የቡሬውን መኪና ወደ በደሌ ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«ተሳፋሪው ይጮህብሻል። መልሺው።»

ትመልሰዋለች። አትስቅም፤ እሱም እንድትስቅ አይጠብቅም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ትእዛዝ መጣ፤ የመጋዘኑ አሮጌ ዕቃ ተቆጥሮ በኪሎ ይሸጥ። የተቆጠረ ዕቃ ደግሞ የዚያኑ ቀን ይወጣል። መስቱራ ገና ሁለት ትምህርት ይቀራታል፤ የሚከብዱት ሁለቱ።

«እሺ» አለች።

ጋሼ ኩመራ መነጽሩን አደረገና የዕቃውን ዝርዝር መጻፍ ጀመረ። ተራ ቁጥር አንድ፣ እግር የሌለው ወንበር። ሁለት፣ መሳቢያ የሌለው ጠረጴዛ። ሦስቱን ራውተሮች ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ ላይ፣ መጨረሻ አስገባቸው።

«ከየትኛው ይጀመር የሚል ደንብ የለም» አላት፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ለቆጠራው የተመደበው ኮሚቴ ወንበር ከወንበር እየለየ፣ እየተከራከረ፣ ሻይ እየጠጣ ዘጠኝ ቀን ቆጠረ። በየምሳ ሰዓቱ እሷ ጥግ ላይ ነበረች፤ መጋዘኑም በዙሪያዋ ይጎድል ነበር። በዘጠነኛው ቀን፣ ሁለቱን ትምህርቶች በጨረሰችበት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተጠራ። ራውተሩን አጠፋች፣ ሰማያዊውን ገመድ ጠቀለለች፤ ሁለቱንም በእጁ አስረከበችው። ፈረመባቸው፤ ወጡ።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች። ማለፏን እዚያው ነገሯት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም የማታውቀው ሰው ስም ይመስል አየችው። በጅማና በበደሌ በኩል ስትመለስ በመስኮቱ ቡናውም ዛፉም አለፈ፤ ምንም አልተሰማትም።

መቱ ስትደርስ ወደ ቤት ሳትሄድ መጋዘን ገባች። ባዶ ነው። ጋሼ ኩመራ ብቻ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

መደርደሪያው ላይ አቧራ ያልነካቸው ሦስት አራት ማዕዘን ቦታዎች ነበሩ፤ ራውተሮቹ የተቀመጡባቸው። መዳፏን አንዱ ላይ አሳረፈች። የደነዘዘ እግር ደም ሲገባበት መጀመሪያ ይወጋል፤ እንደዚያ ወጋት። መደርደሪያውን ይዛ ቆመች።

«ያማል?» አላት።

«ትንሽ።»

ጎደሬውን ፈታ፤ ግማሹን አቀረበላት።

የመጋዘን ቁልፍ በእጃችሁ ያለ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዕቃ አውጡ አልልም፤ ደንብ ደንብ ነው። ዕቃው በኪሎ ከመመዘኑ በፊት ግን ሊማርበት የሚፈልግ አንድ ሰው ፈልጉና በምሳ ሰዓት አስገቡት፤ አጠገቡም ተቀመጡ። ሰማያዊውን ገመድ ደግሞ አደራ፣ ደረሰኝ አትሰሩበት።