የእማማ ቆርቆሮ ጆሮ

አክስቴን የምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች «እማማ ቆርቆሮ» ነው የሚሏት። ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ባቄላ አስጨምራ፣ አፉን አሳሽጋ፣ የሚንሿሿ የሙዚቃ መሣሪያ ታሠራቸዋለች። ጆሮዋ ግን ከከዳት ቆየ። የሰው አፍ እያየች ነው የምትመልሰው። ጎረቤቶች ከኋላ ጠርተዋት ሳትዞር ስትቀር «ኧረ ጆሮሽ የት ጠፋ» ሲሏት ፈገግ ትላለች፤ እነሱ ድርቅና ይመስላቸዋል። ከታወቀባት ደግሞ ከሥራ መውጣቷ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ትናንት ጣሳ ላደርስላት ስሄድ ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማለች። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጣሳዋን ራሷ አሽጋ መጣች። ባቄላውን መጨመር ረስታዋለች።

«እማማ፣ ስሚልኝ» ብላ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። «ውይ የኔ ማር፣ ድምፁ እንዴት ያምራል። የዛሬው ከሁሉም በለጠ።»

«ባዶ እኮ ነው» አለ አንዱ ከኋላዋ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አክስቴም ደስ ብሏቸው መስሏት አብራ ሳቀች።

ዳይሬክተሯ፣ ያቺ አፍንጫዋን ተይዛ ያደገች የምትመስለው ኮስታራ፣ ከአክስቴ ጀርባ ተጠጋች። «እትዬ፣ እንግዲህ እንዴት አድርገን ልጆች አደራ እንስጥዎት?»

አክስቴ አልዞረችም። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ፣ «በሉ፣ ቀጣዩ ማነው?» ትላለች።