የጠፋው ሞተር

ጎፋ ላቫጆ መኪና ለማጠብ የገባሁ ቀን መጀመሪያ የደረሰችኝ የጋሽ ገመቹ ቮልስ ናት። የላቫጆው ባለቤት ጋሽ ሸምሱ «ፉል ነው፤ ሞተሯንም እጠቢ» አሉኝ። የፊቱን ኮፈን ብከፍት ስኮርታ ጎማና የድንች ጆንያ! «ሞተሩ ከኋላ ነው ልጄ፤ ድንቹን እንዳታጥቢብኝ» አሉ ጋሽ ገመቹ፣ የፉሪው ገበሬ።

ከዚያ ወዲያ ተላመድን። ካንዴላውን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል እሸፍናለሁ፣ ሞተሩን በናፍጣ እቦርሻለሁ፣ በመጨረሻ ውኃ። ታጥባ ስታበቃ የሚገፋት ሰው ትፈልጋለች፤ ያም እኔው ነኝ። ግን ዘይት ስለምታንጠባጥብ ሞተሯ የት እንዳለ መሬቱ ይናገራል።

ዘንድሮ ደግሞ ዘመናዊ መጣልን። አንድ የለቡ ጎረምሳ ድምፅ የሌላት መኪና አስገባና «ፉል!» ብሎ ማኪያቶ ሊጠጣ ተሻገረ። በሯን ስከፍት በቻይንኛ ተቆጣችኝ። እኔ አማርኛውንም ያቆምኩት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው።

ፌስታሌን ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ባዶ ሣጥን፣ ያውም ምንጣፍ የለበሰ። አሁንማ ነቅቻለሁ ብዬ እየሳቅኩ ወደ ኋላ ዞርኩ። ኋላውም ባዶ። ጎንበስ ብዬ ሥሯን አየሁ፤ አንድ ጠብታ ዘይት የለም።

በቀደም ስፖኪዮ የጠፋባት ጓደኛችን ያኑ ዕለት ነው የተባረረችው። ለስፖኪዮ እንዲህ ከሆነ፣ ለሞተርማ እስር ቤት ነው። ልጆቼን ማን ያበላልኛል?

«ጋሽ ሸምሱ፣ ሞተሩ የለም።»

«የት ሄደ?»

«እኔ አልነካሁም! ልጆቼን!»

ፊት አዩ፣ ኋላ አዩ፣ ዐመድ መሰሉ። «በሩን ዝጉ! ማንም እንዳይወጣ!» መኪናዋ እየተነዳች ስትገባ ሁለታችንም ቆመን አይተናል። ቢሆንም ቦርሳዬን ፈተሹ። ምሳ ዕቃዬንም ከፍተው አዩ። ሞተር አልተገኘም።

ጎረምሳው ተመልሶ በሩን አንኳኳ። «ልጄ፣ ሞተርህ...» አልኩና አለቀስኩ።

«ማዘር፣ ኤሌክትሪክ ናት እኮ! ሞተሯ ከሥር፣ ጎማዎቹ መሀል ተሸፍኖ ነው ያለው። ደግሞ ከፍተሽ ውኃ አፈሰስሽበት እንዴ?»

«ኧረ እሱ ላይ አልደረስኩም።»

«ተመስገን! በይ ላይ ላዩን ብቻ እጠቢልኝ።»

ጋሽ ሸምሱ በሩን እያስከፈቱ «እኔማ ዐውቄያለሁ፤ አንቺን ልፈትንሽ ብዬ ነው» አሉ። ዐዋቂ ናቸው፤ ሞተር የሚፈልጉት ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው።

እናንተ አዲስ የገባችሁ፣ መኪናው አሮጌም ይሁን ዘመናዊ፣ ባለቤቱ ወደ ማኪያቶው ሳይሻገር አቁማችሁ ሞተሩ የት እንዳለ ጠይቁት። ውኃ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።