በመቋሚያ ምት የፈሰሰው ቀለበት

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የወፍጮው ባለቤት የሆነው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር በሩን ተደግፎ ቆሟል። መካኒኩ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ፣ ሚስቱ ከትልቁ መዘውር እጀታ ዘንድ ናቸው። ጎረቤታችን መሪጌታ እህል ሊያስፈጩ መጥተው መቋሚያቸውን እንደያዙ ግድግዳ ሥር፣ እኔ ደግሞ ከገብሴ ጆንያ ጎን ቆመናል። በደርግ ጊዜ ነው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ላሊበላ ወደ ቤታችን ተመልሼ ነበር።

የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት ተበልቶ ሥራ ቆሟል። እስከ ማታ ካልተጠገነ ማኅበሩ ሞተሩን ነቅሎ ወደ ፍላቂት ከተማ ይወስደዋል። መካኒኩና ሚስቱ የሚተዳደሩት በዚያ ወፍጮ ነበር።

መካኒኩ ከአሮጌ መኪና ፒስተን ያቀለጠውን አሉሚኒየም የሚሽከረከር ክብ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፤ ሽክርክሪቱ ወደ ዳር ገፍቶ ቀለበት ያደርገዋል። መዘውሩን ይዛ ቅርጹን በቺንጋ የምታዞረው ሚስቱ ናት። መጀመሪያ ዝግ ብላ ስታዞር ቀለበቱ ከታች ወፍሮ ከላይ ሳስቶ ወጣ። ይህን ጊዜ መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ ሊመሯት ቀረብ አሉ።

«መሪጌታ፣ ወፍጮውን ማኅሌት ሊያስቆሙት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እናንተስ ያለ ጭብጨባ ስብሰባ ትዘጋላችሁ?» አሉት።

በከባዱና በእኩሉ ምት፣ በመረግድ ጀመሩ። መዘውሩም ተከተላቸው። አሉሚኒየሙ ሲፈስ ግን ሞቃቸውና እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ልማድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ተሻገሩ። እሷም አብራ ተሻገረች። ፍጥነቱ መሃል ላይ ስለተለወጠ ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ተገኘ።

መካኒኩ የተሰነጠቀውን መልሶ ወደ ማቅለጫው ከተተው። ደጋግሞ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደሚበላሽ፣ ከሚቀጥለው በኋላ ሌላ ሙከራ እንደሌለ ነገረን።

ሚስቱ ላቧን ጠርጋ፣ «የኔታ፣ ይቺ ቀለበት እስክትረጋ ወደ ጽፋት አይሻገሩብኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እጄ ከልጅነቱ የተማረው መሻገር ነው። እስቲ ልያዘው።»

ያዙት። ዓይናቸውን ጨፍነው መረግዱን መቱ፤ መቋሚያው ከምቱ ንቅንቅ አላለም። እሷም አልቀደመችውም፣ አልዘገየችበትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ እንደ ሁለቱ የተስማማ ግን አላየሁም።

ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ሆኖ፣ ቀዳዳም ስንጥቅም ሳይኖርበት ወጣ። መካኒኩ በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሞርዶ ዘንጉ ላይ ገጠመው፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ወፍጮው ዞረ። ሊቀመንበሩ መሪጌታን እያየ ትንሽ አጨበጨበና ሄደ።

የመሪጌታ እህል ቀድሞ ተፈጨ፣ ከዚያ የእኔ። ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ።